ሰፈርተኛውን ይዞ ምርምር መሥራት፦ ጅማ ላይ ከሀይላንድ ጠርሙስ እስከ ሦስተኛው ቡና

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጅማ ውስጥ ለሃያ ቤት የፕላስቲክ ጠርሙስ አደልኩ። ዝናብ ለመለካት ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ቁጥሩን ሰበሰብኩ፣ አመሰገንኩ፣ ሄድኩ። ከወራት በኋላ እዚያው ጅማ፣ ሜርካቶ ገበያ በርበሬ ስመርጥ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ጠርሙስ ከወሰዱት አንዷ ናቸው። «ልጄ፣ ያ ዝናባችን የት ደረሰ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ዝናቡ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተኝቷል። እሳቸው ግን አላቆሙም ነበር። ቤታቸው ወስደው አሳዩኝ። የሰጠኋቸው ደብተር አልቆ የልጃቸውን የሒሳብ ደብተር ከጀርባው ጀምረውታል። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ሁሉ ዜሮ ጽፈዋል፤ ዜሮዎቹ ክብ ክብ ያሉ፣ እኩል የተደረደሩ። አዴ እንበላቸው፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ከታች ያለው ከዚያ ደብተር በኋላ የተማርኩት ነው። ነዋሪው ራሱ እየለካ የሚመዘግብበት ሥራ ሕዝብ አሳታፊ ምርምር ይባላል፤ ሲቲዝን ሳይንስ የሚለውም አለ። መምህር ብትሆኑ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ተማሪ ብትሆኑ፣ ወይ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የምትመሩ፣ ይሠራላችኋል። ምሳሌዬ ዝናብ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ማንንም አይጎዳም፣ ጅማ ደግሞ ዝናብ አይቸግራትም።

1. ጥያቄውን ከሰው አፍ አምጡ

ጅማ ላይ ቅጽ ይዞ በር ማንኳኳት አዲስ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ ተማሪዎቹ በየቀበሌው ይዞራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ። ሰዉ ለምዷል። «የቤተሰብ ብዛት...» ብላችሁ ሳትጨርሱ «ስድስት» ይላችኋል። በሩ መከፈቱ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ሰው ራሱን መልስ ሰጪ ብቻ አድርጎ ማየቱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት ሳትይዙ ሂዱ። ሦስት ቤት ቡና ጠጡ። አቦል ላይ ስለ ኑሮ ይወራል። ቶና ላይ ስለ ዋጋ። በረካ ላይ ከደረሳችሁ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። እኔ የሰማሁት «ጅሬን ዶፍ ሲወርድ እኛ ጋ ጠብ አይልም፤ ሬዲዮው ግን ጅማ ዘነበ ይላል» የሚል ነበር። ይሄ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው። አንድ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ስለ ጅሬን ዳገትም ስለ ቦዬ ረግረግም መናገር አይችልም። ሃያ ግቢ ግን ይችላል።

ጥያቄው ለሕዝብ የሚሆን መሆኑን እንዲህ ፈትኑት። ብዙ ቦታ ወይም ብዙ ቀን መታየት አለበት? በዓይን ወይም በቀላል ዕቃ ይለካል? «አዌቱ ወንዝ ውስጥ እርሳስ አለ?» የላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ ለላቦራቶሪ ተዉት። «አዌቱ የሚደፈርሰው በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ድልድይ በታች ነው?» ግን ከድልድዩ አጠገብ የሚኖር ሰው ከማንም በላይ የሚመልሰው ነው።

ሌላው ፈተና «ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚለው ነው። የሚመልስ ከጠፋ ጥያቄውን ጣሉት። ለዝናቡ መልስ ነበረው። ቡና የሚያብበው ከበጋው ድርቀት በኋላ በሚጥለው ዝናብ ነው፤ የካቲትና መጋቢት ላይ የሚጥል ጥቂት ሚሊ ሜትር ለማናና ለጎማ ወረዳ ገበሬ ትልቅ ወሬ ነው።

ደግሞም ምርምር ከባለማሳው ደጅ ሲጀምር የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ ተመራማሪዎች በሽታው ባለበት አካባቢ ዞረው፣ ሌላው ሲያልቅ ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈለጉ። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው። 74 የሚለው እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል፤ እናት ዛፎቹ የተመረጡበት ዓመት ነው። የትኛው ዛፍ እንደቆመ በየቀኑ የሚያየው ደግሞ ባለማሳው ነው።

2. የመመለሻውን ቀን አሁን ቁረጡ

ገና አንድም ጠርሙስ ሳይቆረጥ ውጤቱ ለሰው የሚነገርበትን ቀን ወስኑ። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ ያልኩት ነገር መጨረሻ ላይ ገንዘብም ጉልበትም አጣ።

ጅማ ላይ ቀን መምረጥ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። ሐሙስ ገበያ ነው። ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ረመዳን ከሆነ ቡና ጠጡ ብሎ መጥራት አይሆንም፣ ከአፍጥር በኋላ አድርጉት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማ ነው፤ ያኔ ገጠር ወጥቶ ሰው መፈለግ ልፋት ነው። ለክረምት ዝናብ የሚሻለው መስከረም መጨረሻ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ቀኑን በመጀመሪያው ስብሰባ ተናገሩ። የቡናውን፣ የስኳሩን፣ የዳቦውንና የፖስተሩን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ። ከበጀት ውስጥ ቀድሞ የሚበላው ይሄ ነው።

3. ፈቃድና ቋንቋ

ቀበሌውን አሳውቁ። ከዚያ እድሩን ወይም አፎሻውን፣ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን። ስለ ሰው ጤና፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ገቢ የምትጠይቁ ከሆነ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያጸድቅ አትጀምሩ። የባህል መድኃኒትና የአገር ዘር ዕውቀት ከሆነም ዝም ብሎ አይሰበሰብም፤ የማኅበረሰቡን ዕውቀትና መብት የሚጠብቅ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 482/1998 ነው። ዝናብ ቀላል ነው ግን እሱም የሰው ግቢ ውስጥ ነው። ምን እንደምትለኩ፣ ማን እንደሚያየው፣ ያልፈለገ ነገ መተው እንደሚችል ንገሩ። ልጅ የሚለካ ከሆነ ወላጁ ይፍቀድ።

ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትሉ አማርኛ ብቻ ይዞ መሄድ ብዙውን ሰው ደጅ ማስቀረት ነው። ቅጹ በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ። ቃል በቃል አታስተርጉሙ። አፉን በቋንቋው የፈታ ሰው በራሱ አነጋገር ይንገረው፣ ሌላ ሰው ደግሞ የሰማውን መልሶ በአማርኛ ይንገራችሁ። የሰማችሁት ሌላ ከሆነ ጥፋቱ የቅጹ ነው።

4. ጠርሙሱ

ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ባለ ሁለት ሊትር ሀይላንድ ፈልጉ። ግማሹ አንድ ዓይነት፣ ግማሹ ሌላ ከሆነ ስሌቱ ይበላሻል።

አንገቱ ሰፍቶ ቀጥ ከሚልበት ቦታ ላይ በካተር ዙሪያውን ቁረጡ። ክዳኑን ጣሉ። የተቆረጠውን አናት ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ውስጥ ክተቱት። ይሄ ውኃው በፀሐይ እንዳይተን ይረዳል፣ ቅጠልም ይቀንሳል። ጠርዙን በፕላስተር አያይዙ፤ አፉ ግን አይጥበብ።

አሁን ማስመሪያ ጎኑ ላይ ለጥፎ ማንበብ ያምራል። አታድርጉት። የሀይላንድ ቂጥ ጎርባጣ ነው፣ ከታች ያለው ሴንቲ ሜትር ከላይኛው ጋር እኩል ውኃ አይዝም። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ግዙ። ጠዋት ውኃውን በሱ እየሳቡ መቁጠር ነው።

ሒሳቡ ይሄ ነው። የተቆረጠውን ሰፊ አፍ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በሴንቲ ሜትር ለኩ። ግማሹን በራሱ አባዙ፣ በ3.14 አባዙ፣ ለ10 አካፍሉ። ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግማሹ 5 ነው፤ 25 ሲባዛ በ3.14፣ 78.5 ይመጣል፤ ለ10 ሲካፈል 7.85። ስለዚህ 7.85 ሚሊ ሊትር ውኃ ማለት 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ይህን ስሌት እናንተ ሥሩት። ሰዉ የሚጽፈው ከሲሪንጁ ያነበበውን ብቻ ይሁን። መለኪያውን ለሰው፣ ማካፈሉን ለእናንተ።

ጠርሙሱ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ አጥር ወይም ምሰሶ ላይ ይታሰር። ከጣሪያና ከዛፍ መራቅ አለበት። ደንቡ ቢያንስ የሚጋርደውን ነገር ቁመት ሁለት እጥፍ ነው፤ ቤቱ 4 ሜትር ከሆነ 8 ሜትር መራቅ። መንደራ ወይም ሜርካቶ አካባቢ እንዲህ ያለ ግቢ ማግኘት ዘበት ነው። ካልተገኘ ሰውየውን አትመልሱ፣ ምን ያህል እንደቀረበ ብቻ መዝግቡ።

ደግሞ በየቀኑ ይደፋ። ውኃ ለቀናት የቆየበት ዕቃ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ለሳይንስ ብለን ሰፈር ውስጥ ትንኝ ካረባን ሰው ነገ በር አይከፍትልንም።

5. ከመናገር ይልቅ ማስለካት

ሥልጠናው ግማሽ ቀን ይበቃል። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሌክቸር አትስጡ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጠርሙስ ስጡ፣ ሁሉም ውስጥ እኩል ውኃ ጨምሩ፣ አስለኩ። የሁሉንም ቁጥር ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

እኛ ጋ አንዱ 40 ሲል ሌላው 36 አለ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «አረፋው ነው» አሉ። ልክ ነበሩ፤ ሲሪንጁ አየር ስቦ ነበር። ያን ቀን ከኔ ይልቅ የሳቸው ማብራሪያ ሰርቷል፤ ከዚያ በኋላ አረፋ ያለበት ሲሪንጅ ያነበበ የለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር ለልምምድ ቁጠሩት፣ ከመረጃው አውጡት፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

6. ደብተሩ፦ ዜሮ፣ ሰዓትና ጳጉሜ

ዝናብ ካልጣለ 0 ይጻፍ። ሰውየው ካልነበረ ሰረዝ። ባዶ ቦታ ግን ምንም አይነግራችሁም፤ አልዘነበም ይሁን ተረስቶ አታውቁም። ሦስት ቀን ሰርግ ሄዶ የተመለሰ ሰው የተጠራቀመውን ይለካና «የሦስት ቀን» ብሎ ይጻፍ።

የንባቡ ሰዓት ጠዋት 3 ሰዓት ይሁን። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችም በዚያ ሰዓት ስለሚያነቡ ለማወዳደር ይመቻል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። አንዱ 3 ብሎ ይጽፋል፣ ስልኩን ያየው ደግሞ 9 ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተር ላይ ሲገባ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለ ይመስላል። «ጠዋት 3» የሚለውን ቅጹ ላይ አትሙት፣ ሰው አይሙላው።

ቀኑም እንዲሁ። ሰዉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ፈረንጁን ካስገደዳችሁት ይሳሳታል። ግን ኤክሴል ጳጉሜን አያውቃትም። እንደተጻፈ አንድ ዓምድ ላይ አስቀምጡት፣ የተቀየረውን ከጎኑ ሌላ ዓምድ ላይ። ዋናውን አትደምስሱ።

መላኪያው ቴሌግራም ሊሆን ይችላል። ስማርት ስልክ የሌለው በአጭር መልእክት ይላክ ወይም ሳምንት ሳምንት ደብተሩን ፎቶ አንሱለት። ኔትወርክ ይጠፋል፣ ካርድ ያልቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ ስልክ። ግሩፑ ላይ ማንም የምርጫ ወሬ ወይም የንግድ ማስታወቂያ እንዳይለጥፍ ከመጀመሪያው ተስማሙ፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መምጣቱ አይቀርም።

በየንባቡ ገንዘብ አትክፈሉ። ገንዘብ ያለበት ቦታ ያልተለካ ቁጥርም ይመጣል። የካርድ ወጪ መሸፈን ግን ግዴታ ነው፤ በሰው ኪስ ሳይንስ አይሠራም።

7. ሳይከሱ መጠራጠር

በየሳምንቱ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁልጊዜ 10፣ 20፣ 30 ብቻ የሚጽፍ አለ፤ እያጠጋጋ ነው። ጎረቤቶቹ 8 ሲሉ አንዱ 80 ካለ ነጥቡ ጠፍቶ ይሆናል። ለሦስት ሳምንት አንድ ዓይነት ቁጥር ከመጣ ሂዱና አብራችሁ ለኩ። «ተሳስተሃል» አትበሉ፤ «እስቲ ዛሬ አብረን እንየው» በሉ። ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ተዘንብሏል፣ ወይም በግ ገፍቶታል። አንድ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ስቀሉ። ሁለቱ ምን ያህል እንደሚለያዩ ሲታይ የመለኪያው ስሕተት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ያልተማረ ሰው ቁጥር ምን ይታመናል?» የሚል ምሁር ይገጥማችኋል። ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንጊሽታ ላይ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውኃ ለክተው መዝግበዋል። መዝገባቸው ከመደበኛ ምንጮች ጋር ሲመሳከር ጥራቱ የሚያስተማምን ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ንገሩትና ጠርሙስ ስጡት፣ እሱም ይለካ።

8. ዝናብ ካልሆነስ?

ዘር ለማወዳደር የምወደው የሦስት ዘር ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ሦስት ዘር ብቻ ይወስዳል፤ ስማቸው አይነገረውም። መጨረሻ ላይ የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ ይናገራል፤ የቀረው መሐል ነው። ሚዛን አያስፈልግም። ሌላው ገበሬ ሌላ ሦስት ይወስዳል፣ ኮምፒውተር ሁሉንም ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ አንድ ጥናት በዚህ መንገድ ከኢትዮጵያ፣ ከህንድና ከኒካራጓ የ12,409 የሙከራ ማሳዎች መረጃ ተሰብስቧል። እኛ አገር የተሞከረው በዱረም ስንዴ ነበር። ጅማ ላይ በበቆሎ ወይም በቦሎቄ ጀምሩ። በቡና አትጀምሩ፤ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፣ ያን ያህል የሚጠብቅ በጎ ፈቃደኛ የለም።

ቡና ላይ ግን የፍሬ በሽታን መቁጠር ይቻላል። አሥር ዛፍ ላይ በጨርቅ ምልክት አድርጉ። ከእያንዳንዱ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች አንድ አንድ ቅርንጫፍ። አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጠቆር ብሎ የሰረጎደ ነጠብጣብ ያለውን ቁጠሩ፣ ጠቅላላውንም ቁጠሩ። ፎቶ ይነሳ፤ አንድ ገበሬ በሽታ የሚለውን ሌላው ፀሐይ ነው ይላል።

9. ለሰው መመለስ

ብዙ ተመራማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ቁጥሩ አለ፣ ግራፉ አለ፣ አፉ ግን ተሳስሯል። ለሴሚናር የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «በከፍተኛና በዝቅተኛ ቦታዎች መካከል በታየው የዝናብ ሥርጭት ላይ ጉልህ ስታቲስቲካዊ ልዩነት ተስተውሏል።» ይህን አዴ ፊት ባነበው «ምን ሆነ አልክ?» ነው የሚሉኝ። የሚሉትም ልክ ነው።

እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ጅሬን በኩል ያላችሁት ከቦዬ በኩል ካለነው የበለጠ ዝናብ አገኛችሁ። ልዩነቱ የአንድ ቀን አጋጣሚ አይደለም፣ ብዙውን ቀን እንዲሁ ነበር።» ማን፣ የት፣ ምን ያህል ጊዜ፤ ከዚያ ወዲያ ማብዛት አያስፈልግም።

ሚሊ ሜትር ለማንም ምንም አይደለም። ጀሪካን ግን ሁሉም ያውቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 30 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 600 ሊትር ነው፤ 30 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን። ይህን ስናገር አንድ አባት ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ስለ አሸንዳ ሆነ። ያላዘጋጀሁት ርዕስ ነበር፣ ግን ዝናቡን ያን ቀን ነው የተቀበሉት።

ግራፉንም ከስክሪን ላይ አውርዱት። መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ግራፍ አለ፤ ሰፌድ ላይ በቆሎ። አንድ ፍሬ ለ10 ሚሊ ሜትር። ልጆች የየቤታቸውን መሥመር ይደርድሩ። ረጅሙ መሥመር የማን እንደሆነ ሰው ተንጠራርቶ ያያል፣ ይከራከራል። የሰው ስም ያለ ፈቃድ አትጥሩ፤ ያን ጊዜ «ቁጥር 7 ቤት» ይበቃል። የውኃ ብክለት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ያልተረጋገጠ ቁጥር የአንድን ጋራዥ እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል።

መቶኛን ቀንሱ። «30 በመቶ» ከማለት «ከአሥር ዛፍ ሦስቱ» ይሻላል። አማካይንም ተጠንቀቁ። «አማካዩ 12 ነው» ስላቸው «እኛ ጋ ግን 12 የዘነበበት ቀን የለም» ብለው አፋጠውኛል። ትንሹንና ትልቁን ቀን ተናገሩ፣ ይበቃል።

እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ደብቃችሁ አትለፉ። «የአንድ ክረምት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሊገለበጥ ይችላል» በሉ። ሰው አይንቃችሁም። ገበሬ ከዓመት ዓመት እንደማይመሳሰል ከእናንተ በፊት ያውቃል። የሚንቃችሁ ያለ ጥርጥር የተናገራችሁት ሲፈርስ ነው።

ኤፍ ኤም ሬዲዮ ከጋበዛችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። የለካ ሰው ይዛችሁ ግቡ፣ እሱ ይናገር። ፖስተሩ ላይም የፈቀዱት ሰዎች ስም ከእናንተ ስም እኩል ፊደል ይታተም። የመረጃው ቅጂ ታትሞ ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ ይቀመጥ።

10. መጨረሻው ይታወቅ

ዛሬ አልቋል ብላችሁ ተናገሩ። መቀጠል የሚፈልግ ካለ ደብተር ስጡት፣ ቁጥሩን ማን እንደሚቀበለው ስም ጥሩለት። ተቀባይ ከሌለ ጠርሙሱን አውርዱ። አዴን ያደከመቻቸው ይቺ ነበረች፤ ማንም ሳይጠብቀው መጻፍ።

በሁለተኛው ዙር አዴ ሰፌዱ ላይ የራሳቸውን መሥመር ራሳቸው ደረደሩ። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። «ዝናቡን አወቅን፤ ጉድጓዴ ግን ለምን ይሆን ሚያዝያ ላይ የሚሸሸው?» አሉ። ገመድ አመጣን። ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰርን፣ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠርነው። ድንጋዩ ውኃውን ሲነካ ድምፁ ይሰማል፤ ከዚያ እስከ አፉ ያለውን ቋጠሮ መቁጠር ነው። አሥራ አንድ ቆጠርን። እሳቸው በሒሳብ ደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ቀኑን ጽፈው 11 አሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ውጤቱን የት ቤት፣ መቼ ነው የምንነግረው?